አባቴ ፓንክ የሰማ ዕለት

አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ የተዋወቅሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን አክስቴ ዘንድ ትቶኝ ሲሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር። «ወረቀቴ ሲስተካከል እወስድሻለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ወረቀቱ እስኪስተካከል ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በየሳምንቱ ይደውል ስለነበር ድምፁን ከማንም ለይቼ አውቀው ነበር። ፊቱን ግን ረስቼዋለሁ። ሻንጣዬን እየገፋሁ ስወጣ፣ ከሚጠብቁት ሰዎች መሀል አንድ ቀጭን፣ ሽበት የወረረው ሰውዬ ወፍራም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። እሱ መሆኑን ያወቅሁት ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው፤ ስልክ ላይ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርግ ነበር።

«መጣሽ?» አለኝ።

«አዎ። ደኅና ነዎት?» አልኩት።

ልጅ ሳለሁ «አንተ» ነበር የምለው። እዚያ ከፊቴ የቆመው ሰው ግን እንግዳ ሆነብኝ፣ ለማላውቀው ትልቅ ሰው ደግሞ «እርስዎ» ማለት ነው የለመድኩት። እሱም አላረመኝም። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ቀድሞ ሄደ።

ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ አንዲት መኝታ ቤትና ሳሎን ያላት አፓርታማ ነበረችው። መኝታ ቤቱን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛ ጀመር። አልጋዬ ላይ የተነጠፈው አዲስ አንሶላ ሮዝ ነበር፤ ዙሪያውን ጥንቸሎች ፊኛ ይዘው ይሮጡበታል። ያን ቀን ማታ ጥንቸሎቹን እያየሁ አለቀስኩ። የገዛው ለሚያውቃት ልጅ ነበር፤ የሚያውቃት ልጅ ደግሞ የስድስት ዓመቷ ናት።

አባቴ ዌስትቼስተር ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ሾፌር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ያመላልሳል። እሑድ ወደ ጸሎት ቤታችን እንሄዳለን። የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ነው፣ እሑድ እሑድ አዳራሽ ተከራይቶ የሚሰበሰብ። አባቴ እዚያ የበር አስተናጋጅ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከሚጀመርበት እስከሚያልቅበት በር ላይ ይቆማል፣ እኔ ከማላውቃቸው ሴቶች መሀል እቀመጣለሁ። እቤት ውስጥ እንከባበራለን። «በላሽ?» ይለኛል፤ «በልቻለሁ፣ እርስዎስ?» እለዋለሁ። ከዚያ እኔ መኝታ ቤቴን እዘጋለሁ፣ እሱ ሶፋው ላይ ይጋደማል።

ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛዬ ወረቀት ላይ ደኅና ሆኖ አፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከጂሙ ጀርባ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ በሁለት እርሳስ የሒሳብ መጽሐፌን እደበድብ ነበር። ይህን ያመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። አክስቴ የምትሄድበት ጸሎት ቤት ድራም ነበረው፤ መዘምራኑ ሲለማመዱ ድራመሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እኔ ቦታው ላይ እቀመጣለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ማንም አላስነሣኝም።

አንድ ቀን እንደዚሁ ስደበድብ አንዲት ልጅ መጥታ ከፊቴ ቆመች። ግማሽ ጭንቅላቷ ተላጭቷል፣ የቀረው ግማሽ አረንጓዴ ነው። ጂንስ ጃኬቷ ላይ መርፌ ቁልፍ በመርፌ ቁልፍ ላይ ተሰክቷል። የምትመታኝ መሰለኝና መጽሐፌን አነሣሁ።

«ድራም ትመቺያለሽ?» አለችኝ።

«የቸርች» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«የቸርቹ ድራም ፈጣን ነው?»

«በጣም ፈጣን ነው።»

ሳቀች። የፌዝ ሳቅ አልነበረም። «እንግዲያው ነገ ከትምህርት በኋላ እኛ ቤት ነይ» አለችኝና አድራሻውን መጽሐፌ ላይ ጻፈችልኝ።

ቤታቸው ዌስት አዳምስ ውስጥ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ከጓሮው ጋራዥ አለው። መኪና ግን አይገባበትም። እናቷ ጠዋት ልብስ ፋብሪካ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እቤቷ የምትሰፋ ሴት ስለሆነች ጋራዡ እስከ ጣራው በጨርቅ ጥቅል ተሞልቷል፤ መሀሉ ላይ አንድ የተቀዳደደ ድራም፣ ሁለት ጊታርና ሁለት አምፕሊፋየር ቆመዋል። ልጅቷ ጊታር ትመታለች፣ ትዘፍናለችም። አንዲት ጓደኛዋ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት፣ ቤዝ ትመታለች። ድራመር ነበር የጎደላቸው።

ጊታሪስቷ የምታውቀው ሦስት አኮርድ፣ ማለትም ሦስት የጣት አያያዝ፣ ብቻ ነበር። «ሌላ አትማሪም?» ብዬ ስጠይቃት «ለምን? ይበቃል» አለችኝ። የመጀመሪያው ዘፈናችን ስለማይመጣ አውቶቡስ ነበር። እናቷ በየቀኑ ጠዋት ወደ ፋብሪካ የምትሄድበት አውቶቡስ እየዘገየ አለቃዋ ይቆጣት ነበርና፣ ልጅቷ ያንን ነው የጻፈችው። ዘፈኑ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ሦስታችንም በአንድነት ጀምረን በአንድነት የጨረስን ቀን ክንዴ ዝሎ፣ ጆሮዬ እየጮኸ፣ አሜሪካ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ማንም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንድጨርስ አይጠብቅም ነበር።

እናቷ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ከንፈሯን ጥቁር ቀይ የምትቀባ ሴት ነበረች። ወላጆቿ ከሜክሲኮ ነው የመጡት። እኛ ስንለማመድ ብርቱካን በሳህን ቆርጣ ይዛ ትገባና ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። መጀመሪያ ጩኸቱን የታገሠችን መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው በወጣትነቷ እሷ ራሷ የፓንክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ትመታ እንደነበር የሰማሁት።

አንድ ቀን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋት። «ለመሆኑ ፓንክ ማለት ምንድን ነው?»

መቀሷን አስቀመጠች። «እኔ ያደግሁት ከከተማው በስተምሥራቅ ነው» አለችኝ። «አባቴ የሚሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራ ፈታ። እኔና ወንድሞቼ ሬዲዮ ስንከፍት የምንሰማው የሃያ ደቂቃ ዘፈን፣ ሀብታም ዘፋኝ፣ ስለማናውቀው ኑሮ። ከዚያ ከኒውዮርክና ከእንግሊዝ አገር ሌሎች ልጆች መጡ። ሥራ የላቸውም፣ በደንብ መጫወትም አይችሉም፣ ግን ስለሚያውቁት ነገር ይጮኻሉ። እኛ ይህን ስንሰማ፣ ታዲያ እኛስ ምን ያግደናል አልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክለቦቹ አላስገቡንም። ‹የእናንተ ሰፈር ልጆች ይረብሻሉ› ይሉን ነበር። ስለዚህ በሠርግ አዳራሽ፣ በሰው ጓሮ፣ አንዳንዴም በቸርች ምድር ቤት ተጫወትን። ፖስተሩን ራሳችን ሣልን፣ ልብሱን እኔ ሰፋሁ።»

ተነሥታ ከጨርቆቹ ጀርባ ካለ መደርደሪያ ሸክላዎች አወጣች። የጃማይካ ሬጌ አሰማችኝ፤ ለንደን ውስጥ ሥራ ያጡት ነጭ ልጆችና ከጃማይካ የመጡት ጎረቤት ስለነበሩ የአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ቤት ይገባ እንደነበር ነገረችኝ። እዚሁ ከተማ የባሕር ዳር ልጆች የተጫወቱትን፣ ጊታሩ እንደ ውኃ የሚንቀጠቀጥ ሙዚቃ አሰማችኝ። የገበሬዎችና የከብት ነጂዎች የአሜሪካ ዘፈን አሰማችኝ። በመጨረሻ የገዛ እናቷ ታዜመው የነበረ ዝግ ያለ የሜክሲኮ የፍቅር ዘፈን ካሰማችኝ በኋላ፣ የራሷ ባንድ ያንኑ ዘፈን ሦስት እጥፍ አፍጥኖ የተጫወተውን ካሴት አስከተለች። ልጇ ጆሮዋን ይዛ «እማ፣ አፈርኩብሽ!» እያለች ትስቃለች።

«ይሄ ሁሉ ፓንክ ነው?» አልኳት።

«ይሄ ሁሉ ፓንክ ቤት ገብቶ በልቶ የወጣ ነው» አለችኝ። «አንቺም ከቸርችሽ ያመጣሽውን አትተይው። እሱን ስለወደድኩት ነው ብርቱካን የማመጣው።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ አያውቅም። ከትምህርት በኋላ ቱቶሪንግ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ አለኝ ብዬው ነበር። በጣም ደስ ብሎት «ጎበዝ፣ በርቺ» ስላለኝ ውሸቴ የበለጠ ከበደኝ። አንድ ረቡዕ ዕረፍት አግኝቶ፣ ከፌርፋክስ የሐበሻ ሱቅ ሁለት ሳምቡሳ ገዝቶ፣ ሊያስደንቀኝ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ። እንደዚህ ያለ ቱቶሪንግ የለም አሉት። እኔ ከአውቶቡስ ስወርድ መኪናውን የሰፈራችን ፌርማታ አጠገብ ፓርክ አድርጎ፣ ሳምቡሳው በላስቲክ እንደታሰረ ጭኑ ላይ ይዞ ይጠብቀኛል። ገባሁ። ሞተሩን አላስነሣም።

«የት ነበርሽ?»

አልዋሸሁትም። ሁሉንም ነገርኩት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፓንክ... እነዚያ ልብሳቸውን የሚቀዳድዱት? መርፌ ቁልፍ የሚሰኩት?»

«አዎ።»

«ሰይጣን ያመልካሉ?»

«አያመልኩም። ስለ አውቶቡስ ነው የሚዘፍኑት።»

«ስለምን?»

«ስለማይመጣ አውቶቡስ።»

መንገዱን አየ። «እሱስ እውነት ነው፣ አይመጣም» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «መዋሸትሽ አሳዝኖኛል። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ራሴ ድራይቭ አድርጌ እወስድሽና አየዋለሁ። ካልወደድኩት ያበቃል፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። ሳምቡሳውን ሰጠኝ። ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለቱንም በላሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ለጸሎት ቤት የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ልብስ ሰፊዋን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ስሟን መጥራት ስለከበደው «እትዬ» አላት፤ ትርጉሙን ስነግራት በጣም ወደደችውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም፣ የገዛ ልጇ ሳትቀር፣ «እትዬ» እንላት ጀመር። ወንበር አመጣችለት። በጨርቅ ጥቅሎች መሀል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

የአውቶቡሱን ዘፈን ተጫወትን። ከወትሮው ይበልጥ አፍጥኜው ነበር። ስንጨርስ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«ሌላ አለ?» አለ።

ያሉንን አምስቱንም ተጫወትን። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

«አለቀ?»

«አለቀ» አልኩት።

«አጭር ነው፤ ለፓስተራችን ንገሩልኝ» አለ። እኔ ብቻ ሳቅሁ። ተነሥቶ ወደ ድራሙ መጣና የተቀደደውን ቆዳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ይህን ምት ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃል እየፈለገ፣ ወደ እትዬ ዞሮ ማውራት ጀመረ። ስለ አባቴ ወጣትነት መጀመሪያ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በሰው ጋራዥ ውስጥ፣ ለሌላ ሰው ሲነገር።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ደርግ ጸሎት ቤታቸውን አሽጎት ነበር። ወጣቶቹ ተደብቀው በየሰው ቤት ይሰበሰባሉ። ቀበሌ ቢመጣ «ልደት ነው» ለማለት ኬክ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። «በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተወልጃለሁ» አለ። የመዘምራኑ ከበሮ መቺ እሱ ነበር። ከበሮ ግን ጎረቤት ይሰማዋል፤ ስለዚህ ትራስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመዳፉ ትራሱን ይመታል፣ ሌሎቹም ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ ይዘምራሉ። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ካሴት ይቀዱ ነበር። ካሴቱ ላይ የዘማሪ ስም አይጻፍም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲባዛ፣ ሲባዛ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ቀን ተይዘው አራት ወር ታሰረ። ዘመኑ ሲለወጥ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ፣ አዲስ ድራም ተገዛ፣ የሚመቱት ግን ሌሎች፣ የተማሩ ልጆች ነበሩ።

«እኔ በር ላይ ቆምኩ» አለ። «ደስ ብሎኝ ነው የቆምኩት። በሩ ክፍት ነበር።»

እትዬ ተነሥታ ከመደርደሪያው ያንን የባንዷን ካሴት አመጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ሽፋኑ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ በእጅ የታጠፈ ወረቀት ነበር። «እኛም እንዲህ ነበር የምናባዛው» አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን እኛን ማንም አራት ወር አላሰረንም። ፖሊስ መጥቶ መብራት ያጠፋብን ነበር እንጂ።»

የድራም መምቻ ዘንጎቹን ለአባቴ ዘረጋሁለት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ኋላ ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጣጥፎ ተቀመጠና መታ። የማውቀው ምት ነበር፤ እኔ የምመታው፣ ግን ከሩቅ ሰፈር እንደሚሰማ ያህል ቀስ ያለ።

«ጮክ አድርገው!» አለችው እትዬ።

ሞከረ። ክንዱን አነሣ፣ ሲያወርደው ግን ቆዳው ላይ ሳይደርስ ይለዝባል። ደግሞ ሞከረ። «አልችልም» አለ፣ እየሳቀ፣ በመነጽሩ ሥር ዓይኑን እየጠረገ። «እጄ አይታዘዘኝም።» ዘንጎቹን መለሰልኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ወደድኩት ወይም አልወደድኩትም አላለም። «ከእንግዲህ በአውቶቡስ አትሂጂ፤ እኔ አደርስሻለሁ» ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ወዲያ ኦፍ የሆነ ቅዳሜ ሁሉ ይመጣ ነበር። እኛ ስንለማመድ እሱ ለእትዬ የጨርቅ ጥቅል ያነሣላታል፤ ዕረፍት ስናደርግ እሷ ሸክላ ታሰማዋለች። ሬጌው ላይ ተጣሉ። ዘፈኑ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጃንሆይ መሆኑን ሲረዳ መጀመሪያ ደስ አለው፣ ጃንሆይን አምላክ ማለታቸው ሲገባው ግን ደነገጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከራት። እሷ ደግሞ አምላክ ማን እንደሆነ ለመከራከር አልነበረም የከፈተችው። «ቤዙ ጥሩ ነው» ብሎ ደመደመ፣ «ግጥሙን ግን አልቀበልም።» እግሩ ግን ወለሉን ይመታ ነበር፤ እኔና ቤዝ መቺዋ ተያየን።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ እትዬ በጓሮዋ ዝግጅት አደረገች። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ እያለ። ስልሳ ሰው ያህል መጣ፤ የፋብሪካ ጓደኞቿ፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከርቀት የመጡ፣ ፀጉራቸውን እንደ ጃርት እሾህ ያቆሙ ሰዎች። መጀመሪያ የተጫወቱት የእትዬ እኩዮች ናቸው፤ አንዱ አኮርዲዮን ይዞ የሜክሲኮ ሙዚቃ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያደበላልቃል። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ብቻዋን፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ እግሯን መሬት እየመታች ግጥም ጮኸች። ከዚያ እኛ። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የብርቱካን ሳህን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰዎቹ ክብ ሠርተው እየሮጡ በትከሻ መገፋፋት ጀመሩ። ለእኔም አዲስ ነበር፤ ጊታሪስቷ ግን ጭፈራ መሆኑን ነግራኛለች። ለአባቴ ማንም አልነገረውም። ጠብ መሰለው። ሳህኑን አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ልጆች! ኧረ ተዉ! ልጆች!» እያለ በአማርኛ ሊገላግል መሀላቸው ገባ። ከድራሙ ጀርባ ሆኜ ከረባቱ ትከሻው ላይ ሲወጣ፣ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ከዚያ ሲጠፋ አየሁ።

ዘንጉን ጥዬ የጊታሪስቷን ማይክራፎን ነጠቅሁ። «አባዬ! አባዬ፣ ተነሥ! ተጎዳህ?»

ድምፄ ሰፈሩን ሞላው። ማስቆም ግን አላስፈለገኝም ነበር፤ ገና አፌን ስከፍት ሁሉም ቆመዋል። ክቡ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው አነሡት። አንዱ ትቢያውን ያራግፍለታል፣ አንዷ ውኃ ታጠጣዋለች። መነጽሩ ግን ጠፋ። ያኔ አንድ ግንድ የሚያህል፣ አንገቱ ላይ ንቅሳት ያለበት ሰውዬ በእጅና በእግሩ ተንበርክኮ ሣሩን መዳሰስ ጀመረ። እሱን አይተው ሌሎቹም ተንበረከኩ። ስልሳ ሰው ያህል፣ በእሾህ ፀጉሩ፣ በቆዳ ጃኬቱ፣ ጓሮው ላይ ተንበርክኮ የአባቴን መነጽር ይፈልጋል። አባቴ መሀላቸው ቆሞ፣ ያለ መነጽር ምንም ስለማያይ፣ «ምን እያደረጉ ነው? እየጸለዩ ነው?» ይለኛል።

መነጽሩ ከጽጌረዳው ሥር ተገኘ። አንዱ የጆሮ ማንጠልጠያው ተነቅሏል። እትዬ ከልጇ ጃኬት ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ሰካችለትና ዓይኑ ላይ አደረገችለት። ዙሪያውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ቀጥሉ እንጂ፤ ከየት ነበር ያቆማችሁት?» አለ። ከመጀመሪያው ጀመርን።

መኪና ውስጥ ስንገባ ቁልፉን ሳያዞር፣ «ዛሬ ‹አንተ› አልሽኝ» አለኝ።

«ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው።»

«የለም፣ የለም። እንደዚያው በይኝ» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ወጣ። በሳምንቱ ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች አንዱ ቤታችን መጣ። ደግ ሰው ነው፤ እኔ ስመጣ የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት የሰጠኝ እሱ ነበር። ሻይ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን ሳይነካ ለአባቴ ቪዲዮውን አሳየው።

«ወንድሜ፣ ምእመናን እየጠየቁን ነው። እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልጄን እየሰማሁ ነበር» አለ አባቴ።

«ግን ቦታው... እነዚህ ሰዎች...»

«ወደቅሁ፣ አነሡኝ። መነጽሬን ፈለጉልኝ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ሰውዬው ተጨንቆ ነበር፤ የታዘዘውን ሳይናገር መውጣት አልቻለም። ነገሩ እስኪረሳ ለሦስት ወር ከበር አገልግሎት እንዲያርፍ ነገረው። አባቴ «እሺ፣ ጌታ ይባርክህ» ብሎ በሩ ድረስ ሸኘው። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ዘንጎቼን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩና ሳሎን ወጥቼ ባንዱን እንደተውኩት ነገርኩት።

«ለምን?» አለኝ።

«በእኔ ምክንያት ከአገልግሎት ወረድክ።»

«ሶ፣ ታዲያ? አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ ዘልዬ የገባሁት።» ሶፋው ላይ ቦታ አስለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሜያለሁ፤ እግሬንም ያመኛል» አለኝ። ቅዳሜ ራሱ ጋራዡ አደረሰኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጸሎት ቤት ስንገባ፣ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው። አጠገቤ ተቀመጠ። አብረን በቆየንባቸው ወራት አንድም ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን መዝሙር ሰምተን አናውቅም ነበር። ድራመሩ ሲሳሳት አባቴ ክርኑን ወደ እኔ ጠጋ ያደርጋል፣ እኔም እነካዋለሁ። ፓስተሩ ሲያስረዝም ሰዓቱን ያሳየኛል። ሦስት ወሩ አልቆ ወደ በሩ ሲመለስ ደስ አለው፣ ለእኔ ግን ወንበሩ ሰፋብኝ።

ባንዳችን ሁለት ዓመት ቆየ። እትዬ የጨርቅ ጥቅሎቹን ዙሪያችንን ቆልላ አሥራ አንድ ዘፈን በካሴት ቀዳችልን። ሽፋኑን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስናጥፍ አባቴም ያጥፍ ነበር፤ የእሱ እጥፋት ከሁላችንም ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንጨርስ ቤዝ መቺዋ ራቅ ያለ ግዛት ኮሌጅ ገባች፣ ጊታሪስቷ የኤሌክትሪክ ሥራ መማር ጀመረች፣ እኔ ወደ ፓሳዴና ሄድኩ፤ የራጅ ቴክኒሺያንነት ለመማር። ተጣልተን አልተለያየንም። በዓመት አንዴ ጋራዡ ውስጥ እንገናኝና ያንኑ የአውቶቡስ ዘፈን እንጫወታለን፤ አሁን ትንፋሽ ያጥረናል።

አባቴ ግን አላቆመም። እኔ ከሄድኩ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘንድ ጎራ ይላል፤ እሷ ሸክላ ታውሰዋለች፣ እሱ በሳምንቱ አስተያየቱን ይዞ ይመለሳል። ሐሙስ ማታ ከሥራ ገብቶ እራቱን ሲጨርስ ይደውልልኛል።

«አንድ ነገር ላሰማሽ፣ ጠብቂ» ይለኝና ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ያስቀምጣል። አንድ ቀን መለከት ነው፣ አንድ ቀን የአየርላንድ ዋሽንት፣ አንድ ቀን ደግሞ በማላውቀው ቋንቋ የምትጮህ ሴት።

«ሰማሽ?» ይላል ተመልሶ።

«ሰማሁ፤ ይሄ ግን ፓንክ አይደለም፣ አባዬ።»

«እትዬ ነው ትላለች።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኔማ ገና እየሰማሁ ነው» ይለኛል፣ «ቆይ፣ ጀርባውን ልገልብጠው።»